ርካሽ ጣሊያን ምግብ ቤት ገብታችሁ በደንብ ለመብላት

ከተማ ውስጥ በትንሽ ገንዘብ ውጪ መብላት ለሚፈልግ ሰው ከጣሊያን ምግብ ቤት የተሻለ ምርጫ የለም ብዬ ነው ማምነው፣ ግን ምን እንደሚታዘዝ ማወቅ ያስፈልጋል። ይሄ ምግብ እኮ አብዛኛው የተፈጠረው ገንዘብ በሌላቸው ሰዎች ቤት ነው፣ ዱቄትና ውሃ፣ ትንሽ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቦሎቄ፣ ከትናንት የተረፈ ዳቦ፣ ከላይ ጨው ያለው ቺዝ ትንሽ ይፈቀፈቅበትና አለቀ። ስለዚ ርካሽ ቤት ስትገቡ ከዋናው ነገር የቀረባችሁ የለም፣ እንደውም ዋናው ነገር ያለው ሜኑው ላይ ርካሹ መስመር ጋ ነው። ብዙ ሰው ግን ርካሽ ቤት ይገባና ውድ ቤት የገባ ሰው ሚያዘውን ያዛል፣ ሽሪምፕ፣ ስቴክ፣ ትሩፍል የሚባለው ውድ እንጉዳይ ያለበት ምናምን፣ ከዛ ምግቡም አልጣመኝ ሂሳቡም በዛብኝ ብሎ ይወጣል። ርካሽ ቤት ከገባችሁ ቀላሉን እዘዙ፣ ለኪስም ለአፍም እሱ ይሻላል። ከዚ በታች ያለው በሙሉ ይሄንን እንዴት እንደምታደርጉት ነው።

ቤቱን መምረጥ

መጀመሪያ ሜኑውን በር ላይ ቆማችሁ አንብቡት። ብዙ ቤት ውጪ ይለጥፈዋል፣ ካልለጠፈ ደሞ ኢንተርኔት ላይ ይኖራል። ማየት ያለባችሁ ዋጋውን ብቻ አይደለም፣ ርዝመቱንም ነው። ስድስት ሰባት አይነት ፓስታ፣ ጥቂት ፒዛ፣ ሁለት ሶስት ስጋ፣ ይሄ ጥሩ ምልክት ነው። ስልሳ አይነት ምግብ፣ ፓስታም በርገርም ሱሺም አንድ ላይ የተደረደረበት ሜኑ ካያችሁ ግን ያንን ሁሉ ትኩስ አድርጎ የሚያበስል ትንሽ ኩሽና አይኖርም፣ አብዛኛው ከፍሪዘር ወጥቶ ሚሞቅ ነው። በፕላስቲክ የተለበጠ እና እያንዳንዱ ምግብ ፎቶ ያለበት ሜኑም ቢሆን ተመሳሳይ ነው፣ ሁልጊዜ መጥፎ ነው ባልልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእጅ የተፃፈ የዕለቱ ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ካያችሁ ደሞ ደስ ይበላችሁ፣ ጠዋት ገበያ ላይ የተገኘውን አይተው ነው የሚያበስሉት ማለት ነው።

ቦታውም ብዙ ይናገራል። ጎብኚ የሚበዛበት አደባባይ ወይም ታዋቂ ህንፃ ፊት ለፊት ያለ ቤት ኪራዩን ከእናንተ ሰሃን ላይ ነው የሚያወጣው፣ አንድ ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ ስትገቡ ዋጋው ይቀንሳል ምግቡም ይሻሻላል። በር ላይ ቆሞ ኑ ግቡ እያለ የሚጎትት ሰው ያለበት ቤት እኔ አልገባም። ቢሮ የበዛበት ሰፈር ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ የሚሞላ ቤት ግን በጣም እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም የቢሮ ሰራተኛ በየቀኑ ተመላላሽ ነው፣ አንዴ መጥፎ ካበሉት በማግስቱ ሌላ ቤት ይሄዳል።

በነገራችን ላይ ስሙ ብዙ አያሳስባችሁ። በድሮው ልማድ ሪስቶራንቴ የሚባለው ከፍ ያለው፣ ትራቶሪያ የቤተሰብ አይነት ቤት፣ ኦስቴሪያ ደሞ ወይን የሚጠጣበትና ቀለል ያለ ምግብ ያለበት ነበር፣ አሁን ግን በጣም ውድ የሆኑ ቤቶችም ኦስቴሪያ ብለው ይከፍታሉ፣ ስለዚ ሜኑውን እንጂ ታርጋውን አትመኑ። በእውነት ርካሽ የሆኑት ሌሎች ሁለት ናቸው። አንዱ ታቮላ ካልዳ ነው፣ የተሰራው ምግብ መስታወት ውስጥ ተደርድሮ እያያችሁ በጣት አሳይታችሁ የምትወስዱበት። ሌላው ፒዛ አል ታሊዮ ነው፣ በትልቅ አራት ማዕዘን መጋገሪያ የተጋገረ ፒዛ የፈለጋችሁትን ያህል በመቀስ ወይ በቢላ ይቆረጥላችሁና ብዙ ጊዜ በሚዛን ይሸጣል፣ ቆማችሁ በልታችሁ ትሄዳላችሁ፣ አስተናጋጅ የለ ጨርቅ የለ፣ ለዚ ነው የሚረክሰው።

ሰዓትም አለ። ብዙ ከተማ ውስጥ የስራ ቀን ምሳ ከእራት በጣም ይረክሳል፣ ለምሳ ቋሚ ዋጋ ያለው ሜኑ ያቀርባሉ፣ አንድ ፓስታ፣ አንድ ሌላ ነገር፣ ውሃ፣ አንዳንዴም ወይንና ቡና ጨምሮ በአንድ ዋጋ። ተመሳሳይ ኩሽና ተመሳሳይ አብሳይ ነው፣ ማታ ብትመጡ ለዛው ምግብ በጣም ብዙ ትከፍሉ ነበር። ስለዚ ጥሩ ቤት ለመሞከር ካሰባችሁ በምሳ ጀምሩት።

ሜኑው እንዴት ይነበባል

የጣሊያን ሜኑ በተራ ነው የሚሄደው። አንቲፓስቶ መክፈቻው ነው፣ የተጠበሰ ዳቦ ላይ ቲማቲም፣ የተከተፈ የደረቀ ስጋ፣ ቺዝ፣ አትክልት። ከዛ ፕሪሞ ይመጣል፣ ፓስታ ወይ ሪዞቶ የሚባለው የሩዝ ምግብ ወይ ሾርባ። ቀጥሎ ሴኮንዶ፣ ስጋ ወይ ዓሳ። ከሱ ጎን ኮንቶርኖ፣ አትክልትና ድንች። መጨረሻ ዶልቼ፣ ጣፋጩ። ይሄን ሁሉ የማዘዝ ግዴታ የለባችሁም፣ ማንም አያያችሁም፣ ጣሊያኖችም በአዘቦት ቀን አንድ ወይ ሁለት ነገር በልተው ነው የሚነሱት።

እዚ ጋ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የመጀመሪያው የሰሃኑ መጠን ነው፣ ጣሊያን ውስጥ ለአንድ ሰው የሚቀቀለው ደረቅ ፓስታ ከ80 እስከ 100 ግራም አካባቢ ነው፣ ከሱ በኋላ ሌላ ምግብ ይመጣል ተብሎ ስለሚታሰብ። ከጣሊያን ውጪ ያሉ ቤቶች ግን ብዙ ጊዜ ሰሃኑን ስለሚሞሉት አንድ ፓስታ ብቻውን ሙሉ ምግብ ይሆናል። ስለዚ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሰሃን አየት አድርጉና ከዛ እዘዙ። ሁለተኛው ሴኮንዶው ነው፣ ስጋ ስታዙ ስጋው ብቻውን ሰሃን ላይ ሊመጣ ይችላል፣ አትክልቱ ከታች ባለው ኮንቶርኖ ዝርዝር ለብቻው ይታዘዛል ለብቻውም ይከፈላል። ይሄን ሳያውቁ አዝዘው የሚናደዱ ብዙ ናቸው፣ ቤቱ አላታለለም፣ ስርዓቱ እንደዛ ስለሆነ ነው።

ለሁለት ሰው እኔ ሁልጊዜ የምመክረው አንድ አንቲፓስቶ መካፈል፣ ከዛ ለየራስ አንድ ፓስታ ወይ ፒዛ፣ ረሃቡ ካለ ደሞ አንድ ኮንቶርኖ መሃል ላይ። ሴኮንዶውን ዝለሉት። ርካሽ ቤት ውስጥ ሂሳቡን የሚያሳብጠው ሴኮንዶ ነው፣ ብዙ ጊዜ ደሞ ከሁሉ ደካማው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ርካሽ ስጋ በአንድ ደቂቃ ጥብስ ጥሩ አይሆንም።

ምን ይታዘዝ

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። እኔ ነገሩን የማየው በጊዜ ነው። ርካሽ ቤት ሁለት አይነት ምግብ በጣም ጥሩ አድርጎ መስራት ይችላል፣ አንደኛው ቀድሞ ተሰርቶ መቆየት የማይጎዳው፣ ሁለተኛው ደሞ ስታዙ በደቂቃዎች ተሰርቶ የሚያልቅ። በነዚ በሁለቱ መሃል ያለው ነው ሚበላሸው።

መቆየት የማይጎዳቸው እነማን ናቸው፣ ራጉ የሚባለው የስጋ ስጎ ዋነኛው ነው፣ ስጋው ከሽንኩርት ከካሮትና ከሴለሪ ጋር ቀስ ብሎ ለሰዓታት የሚበስል ስለሆነ ጠዋት ተሰርቶ ማታ ቢበላ ጣዕሙ ይሻላል እንጂ አይቀንስም። ላዛኛም እንደዛው፣ ደበርጃን በቲማቲምና በቺዝ ተደራርቦ የሚጋገረው ፓርሚጃናም እንደዛው። ፓስታ ኤ ፋጆሊ የሚባለው የቦሎቄና ፓስታ ወፍራም ሾርባ ደሞ ከሜኑው ሁሉ ርካሹ ሆኖ ከሁሉ የሚያጠግበው ነው፣ ቀዝቃዛ ቀን ላይ ካገኛችሁት እለፉት አልላችሁም። ራጉን ከስፓጌቲ ጋር ከምትበሉት ግን ታሊያቴሌ ካለ እሱን ጠይቁ፣ ቦሎኛ የሚባለው የጣሊያን ከተማ ላይ ራጉ የሚበላው በዛ ነው፣ ሰፋ ያለና በእንቁላል የተሰራ ስለሆነ ስጎውን ይሸከማል፣ ስፓጌቲ ላይ ግን ስጋው ሰሃኑ ስር ይቀራል። ቦሎኛዎች በዚ ነገር ቀልድ አያውቁም፣ በ1972 እ.ኤ.አ የታሊያቴሌን ስፋት ሲበስል 8 ሚሊሜትር ብለው ንግድ ምክር ቤት አስመዝግበዋል፣ በ1982 እ.ኤ.አ ደሞ የራጉውን አሰራር እዛው አስገብተዋል።

በደቂቃ የሚያልቁት ደሞ ቀላል ፓስታዎቹ ናቸው። አሊዮ ኤ ኦሊዮ፣ ነጭ ሽንኩርት በወይራ ዘይት፣ ትንሽ ደረቅ ቃሪያ፣ በቃ። ፖሞዶሮ፣ ቲማቲምና ባሲል። አራቢያታ፣ ቲማቲሙ ላይ ቃጠል የሚያደርግ ቃሪያ የተጨመረበት። ከዛ የሮማዎቹ አራቱ አሉ፣ ካቾ ኤ ፔፔ፣ ግሪቻ፣ አማትሪቻና እና ካርቦናራ፣ እነዚ አራቱ ዘመዳማቾች ናቸው። ካቾ ኤ ፔፔ ፔኮሪኖ የሚባለው የበግ ወተት ቺዝና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው፣ እሱ ላይ በጨው የደረቀ የአሳማ ጉንጭ ጨምሩበትና ቁንዶ በርበሬውን አትቀንሱ፣ ግሪቻ ሆነ፣ ግሪቻ ላይ ቲማቲም ሲገባ አማትሪቻና፣ በቲማቲሙ ፈንታ እንቁላል ሲገባ ካርቦናራ። ይሄን ካወቃችሁ ግማሹን ሜኑ አወቃችሁት ማለት ነው፣ ምኑ እንደሚለያይ ስለገባችሁ ማንንም ሳትጠይቁ የምትፈልጉትን ትመርጣላችሁ።

ካርቦናራ ላይ ክሬም የሚጨምሩ ቤቶች አሉ። ሮማ ላይ ክሬም አይገባበትም፣ ያ ልስላሴ የሚመጣው ከእንቁላሉ፣ ከቺዙ እና ፓስታው ከተቀቀለበት ውሃ ነው። ክሬም የሚገባው ስራውን ቀላል ስለሚያደርገው ነው፣ እንቁላል በጣም ሲሞቅ ወዲያው ይረጋና እንደ ፍርፍር ይሆናል፣ ክሬም ግን ይታገሳል። ቢጥማችሁ ብሉት ምንም ነውር የለውም፣ ግን ሜኑው ላይ ክሬም ተብሎ ከተፃፈ ኩሽናው ጥድፊያ ላይ እንደሆነ እወቁና ያንን ትታችሁ አማትሪቻናውን እዘዙ፣ አማትሪቻና ለመበላሸት አስቸጋሪ ነው።

ጥሩ የተሰራ ፓስታ በምን ይታወቃል ካላችሁ ሶስት ነገር እዩ። ሰዓቱን እዩ፣ ደረቅ ስፓጌቲ ለመብሰል ብቻ ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ባዘዛችሁ በሶስት ደቂቃ ከመጣ ቀድሞ የተቀቀለ ነው ሞቆ የመጣው፣ ስለዚ ትንሽ ቢያስጠብቋችሁ አትቆጡ፣ መጠበቁ ጥሩ ምልክት ነው። የሰሃኑን ስር እዩ፣ ውሃ ከተጠራቀመ ፓስታው ስጎው ውስጥ አልዞረም፣ ከላይ ነው የተደፋበት፣ በደንብ የተሰራው ግን መጨረሻ ላይ መጥበሻ ውስጥ ከስጎው ጋር አንድ ላይ ስለሚገላበጥ እያንዳንዱ ክር ተቀብቶ ነው ሚመጣው። ከዛ ንከሱት፣ መሃሉ ትንሽ ጥርስ የሚይዝ መሆን አለበት፣ ጥሬ ሳይሆን አል ዴንቴ የሚባለው። ለስለስ ያለ ከፈለጋችሁ ደሞ ስታዙ ንገሯቸው፣ የሚበላው እናንተ ናችሁ።

በመሃል ያሉት እና ርካሽ ቤት ውስጥ የምትተዉዋቸው እነዚ ናቸው። ሪዞቶ፣ ሩዙ ከጥሬው ተነስቶ ወደ 18 ደቂቃ አካባቢ ሰው አጠገቡ ቆሞ እያማሰለው ነው የሚበስለው፣ ርካሽ ቤት ለዛ የሚሆን ሰው የለውም፣ ስለዚ በግማሽ አብስሎ ያስቀምጠዋል። ሜኑው ላይ ለሁለት ሰው ብቻ እና ትንሽ ይጠብቃሉ የሚል ካለው ግን የእውነት ይሰሩታል ማለት ነው፣ ያን ጊዜ እዘዙት። የባህር ምግብ ያለበት ፓስታም ርካሽ ከሆነ ዓሳው ከፍሪዘር ነው፣ ጣሊያን ውስጥ ብዙ ሜኑ ላይ ምግቡ ጎን ትንሽ ኮከብ ታያላችሁ፣ ከታች ስታነቡት ቀዝቅዞ የመጣ ነው ይላል፣ ብዙ ሰው ያችን ኮከብ ሳያያት ያልፋል። ትሩፍል የሚል ርካሽ ምግብ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ እንጉዳዩ ሳይሆን ሽታው ነው፣ ገበያ ላይ ያለው የትሩፍል ዘይት አብዛኛው ሽታው ፋብሪካ ውስጥ የተሰራ ነው፣ እና ለዛ ተጨማሪ መክፈል አያስፈልግም።

ስለ ፒዛ

ፒዛ ላይ ምክሬ አጭር ነው፣ አዲስ ቤት ከሆነ ማርጋሪታ ወይ ማሪናራ እዘዙ። ማርጋሪታ ቲማቲም፣ ሞዛሬላ፣ ባሲልና ዘይት ነው፣ ማሪናራ ቺዝም የለውም፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ። ሁለቱም ከሜኑው ርካሾቹ ናቸው፣ ሊጡን የሚደብቅ ነገር ስለሌለባቸው ደሞ ቤቱ ሊጥ ያውቃል አያውቅም የሚለውን ወዲያው ይነግሯችኋል። አምስት ስድስት ነገር የተከመረበት ፒዛ መሃሉ ይረጥባል፣ ስታነሱት ይታጠፋል፣ ጥሩ የተጋገረውን ሊጥ ያበላሸዋል፣ ገንዘቡም ይጨምራል። በጎሽ ወተት ሞዛሬላ የሚለው ከላም ወተቱ ይወደዳል፣ ውሃም ይበዛዋል፣ የላሙ ለፒዛ በጣም በቂ ነው።

የናፖሊ አይነት ነው የምንሰራው ካሉ ምን መጠበቅ እንዳለባችሁ እወቁ። በ1984 እ.ኤ.አ ናፖሊ ላይ የተቋቋመው የፒዛ ማህበር ባስቀመጠው ደንብ በእንጨት ምድጃ ወደ 485 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ላይ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ብቻ ነው የሚጋገረው፣ ስፋቱ እስከ 35 ሴንቲሜትር፣ ዳሩ ያበጠ፣ መሃሉ ለስላሳ። ስለዚ ዳሩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ብታዩ አረረ ብላችሁ አትመልሱት፣ መሃሉም ለስለስ ብሎ ቢወድቅ ጥሬ አይደለም። ይሄ ሙያ በ2017 እ.ኤ.አ ዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ የገባ ነው፣ እና እንዲ ቅርስ የሆነ እጅ የሰራውን ነገር በሜኑው ርካሽ መስመር ላይ ማግኘት መቻሉ እኔን ሁሌ ያስደስተኛል። ቀጭንና ቀርጨጭ የሚለውን የምትወዱ ከሆነ ደሞ የሮማውን አይነት ፈልጉ፣ ሌላ ፒዛ ነው፣ አንዱ ከአንዱ አይበልጥም። በቢላና በሹካም በእጅም ይበላል።

የእንስሳት ነገር የማትበሉ ከሆነ

ለናንተ ጣሊያን ቤት በጣም ይመቻል ግን ጠይቃችሁ። ጣሊያን ውስጥ ከ1967 እ.ኤ.አ ጀምሮ በህግ ደረቅ ፓስታ ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ ነው የሚሰራው፣ በተለምዶም እንቁላል የለበትም፣ ትኩስ ፓስታ የሚባለው ግን አብዛኛው በእንቁላል የተቦካ ነው፣ ስለዚ ስፓጌቲና ፔኔ ሲሆን ይቀላል፣ ታሊያቴሌና ራቪዮሊ ሲሆን ጠይቁ። አሊዮ ኤ ኦሊዮ፣ አራቢያታ፣ ማሪናራ ፒዛ፣ ከላይ ቺዝ አትጨምሩ ካላችሁ ንፁህ ናቸው። የሚያታልሉት እነዚ ናቸው፣ ፔስቶ የሚባለው የባሲል ስጎ ውስጥ ቺዝ አለ፣ ሚኔስትሮኔ የአትክልት ሾርባ ቢሆንም ፓርሚጃኖ የሚባለው ጠንካራ ቺዝ ልጣጭ ወይ የስጋ መረቅ ሊገባበት ይችላል፣ የአትክልት ሚመስሉ አንዳንድ ስጎዎች ላይ ደሞ አንቾቪ የሚባለው ትንሽ ጨዋማ ዓሳ ሟሙቶ አይታይም። ወተት እየበላችሁ ስጋ ብቻ የምትተዉ ከሆነ ደሞ ፓርሚጃኖ ሬጃኖ ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ማርጊያ እንደሚረጋ እወቁ፣ ለአንዳንዱ ሰው ይሄ ወሳኝ ነው። አለርጂ ያለባችሁ ከማዘዛችሁ በፊት ተናገሩ፣ የአውሮፓ ህብረት ውስጥ ከ2014 እ.ኤ.አ መጨረሻ ጀምሮ ማንኛውም ምግብ ቤት 14 አይነት አለርጂ የሚያስነሱ ነገሮችን ለደንበኛ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፣ ስለዚ መጠየቅ ማስቸገር አይደለም።

ሂሳቡ ከየት ይመጣል

ምግቡን በርካሽ አዝዛችሁ ሂሳቡ የሚበዛው በመጠጥና በትንንሽ ነገሮች ነው። ወይን የምትጠጡ ከሆነ በጠርሙስ ያለውን ዝርዝር ተዉትና የቤቱን ወይን በሩብ ወይ በግማሽ ሊትር ጠይቁ፣ በማንቆርቆሪያ ይመጣል፣ ከምግቡ ጋር የሚሄድ ቀለል ያለ ነው፣ ርካሽ ቤት ውስጥ ከዛ በላይ ማውጣት አያስፈልግም። ውሃ ስታዙ የታሸገ ነው ወይስ የቧንቧ ብላችሁ ለዩ፣ ዝም ካላችሁ በጣም ብዙ ቤት የታሸገውን ነው የሚያመጣው፣ እሱም ሂሳብ ላይ አለ።

ጣሊያን ውስጥ ከሆናችሁ ደሞ ኮፔርቶ የሚባል በሰው ልክ የሚታሰብ ክፍያ ልታዩ ትችላላችሁ፣ ለመቀመጫው ለዳቦው ለሰሃኑ ነው፣ ዳቦውን ባትነኩትም ይታሰባል። ማታለል አይደለም፣ ግን ሜኑው ላይ መፃፍ አለበት፣ ካልተፃፈ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ከጣሊያን ውጪ ባሉ ቤቶች ደሞ ሳትጠይቁ ዳቦና ወይራ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡ ነፃ ነው ወይ ብላችሁ በፈገግታ ጠይቁ፣ ምንም አያሳፍርም።

ይሄን ግን በደንብ ያዙት፣ ትልቁ ድንጋጤ የሚመጣው ከሱ ስለሆነ። ዓሳና ትልቅ ስቴክ አንዳንድ ቤት በሰሃን አይሸጥም፣ በክብደት ነው። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ የ100 ግራም ነው፣ ኤቶ የሚል ፅሁፍ ወይም ኤስ ኪው የሚሉ ፊደሎች ጎኑ ይኖራሉ፣ ሰው ያንን የሙሉ ሰሃን ዋጋ መስሎት ያዛል፣ የፊዮሬንቲና ስቴክ ግን በቀላሉ ከአንድ ኪሎ ያልፋል፣ አስር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ከማዘዛችሁ በፊት ስንት ግራም ነው፣ በድምሩ ስንት ይመጣል በሉ። አስተናጋጁ በቃል የሚነግራችሁ የዕለቱ ልዩ ምግብም ዋጋ አብሮ ካልተነገረ ጠይቁ፣ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ድህነት አይደለም።

ከአስተናጋጁ ጋር በደህና ከተግባባችሁ ብዙ ነገር ይቀላል። ምን ይሻላል ብላችሁ ከጠየቃችሁ ውዱን ሊነግራችሁ ይችላል፣ ዛሬ ኩሽና ውስጥ የተሰራው ምንድነው ወይም እናንተ ሰራተኞቹ ዛሬ ምን በላችሁ ብላችሁ ከጠየቃችሁ ግን ብዙ ጊዜ እውነቱን ትሰማላችሁ። ቲፕ እንደ ከተማው ይለያያል፣ መጀመሪያ ሂሳቡ ላይ ሰርቪስ ተብሎ የተጨመረ ካለ እዩ፣ ካለ ሁለቴ መክፈል የለባችሁም። ሂሳቡን ቁጭ ብላችሁ መስመር በመስመር አንብቡት፣ ያላዘዛችሁት ነገር ካለ በትህትና አሳዩአቸው፣ በጥድፊያ ሰዓት የጠረጴዛ መቀያየር በጣም የተለመደ ነው።

በቡድን ስትሄዱ ሂሳቡን እኩል እንካፈል ወይስ የየራሳችን የሚለውን ከማዘዝ በፊት ተስማሙ። በቃ፣ ከዚ በላይ አይፈልግም።

ጣፋጭና ቡና

ቲራሚሱ፣ በቡና የራሰ ብስኩትና ክሬም የተደራረበበት ጣፋጭ፣ እዚሁ ነው የሚሰራው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እዚሁ ከሆነ እዘዙት፣ ምድጃ ውስጥ የማይገባ ስለሆነ ትንሽ ቤትም ቆንጆ አድርጎ ይሰራዋል፣ እንደውም አንድ ሌሊት ፍሪጅ ካደረ ይሻላል። ፓናኮታ የሚባለው የረጋ የክሬም ጣፋጭም እንደዛው። ዝርዝሩ ፎቶ ያለበት የአይስክሬም ካምፓኒ ካርድ ከሆነ ግን ሂሳብ ዘግታችሁ ውጡና ጄላቶ ማለትም የጣሊያን አይስክሬም ቤት ፈልጉ። ጄላቶ ስትመርጡ ቀለሙን እዩ፣ ፒስታችዮ የሚያንፀባርቅ አረንጓዴ ከሆነ ቀለም ገብቶበታል፣ እውነተኛው ወደ ቡናማና ግራጫ የሚያደላ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ሙዝም ቢጫ ሳይሆን ነጣ ያለ መሆን አለበት። ተራራ ተደርጎ የተቆለለ ሳይሆን ክዳን ባለው ብረት ውስጥ የተቀመጠውን እኔ እመርጣለሁ።

ቡና ላይ፣ ጣሊያን ውስጥ ባንኮኒ ጋ ቆሞ የሚጠጣና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚጠጣ ኤስፕሬሶ ዋጋው ሊለያይ ይችላል፣ ከምግብ በኋላ ሌላ ባር ገብታችሁ ቆማችሁ ብትጠጡ ይረክሳል። ካፑቺኖ እዛ የጠዋት ነገር ነው፣ ከምሳ በኋላ ብታዙ ግን ማንም አይከለክላችሁም፣ ሊገርማቸው ይችላል እንጂ።

ከተረፋችሁ አስጠቅልሉ፣ ግን ሁሉም አይደለም። ላዛኛና ራጉ ያለበት በማግስቱ በደንብ ይበላሉ። ካርቦናራና ካቾ ኤ ፔፔ ሲሞቁ እንቁላሉና ቺዙ ይቋጥራል፣ እነሱን እዛው ጨርሱ ወይ ከጓደኛችሁ ተካፈሉ። ፒዛን ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቡት፣ ሊጡ እንደ ጎማ ይሆናል፣ ዘይት በሌለው መጥበሻ መካከለኛ እሳት ላይ አድርጉት፣ ስሩ ደረቅ ብሎ ሲጀምር ዳር ላይ ሁለት ሶስት ጠብታ ውሃ ጣል አድርጋችሁ ቶሎ ክደኑት፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቺዙ ይቀልጣል።